የእግር ኳስ ግምትና መተማመን

በየሳምንቱ በመሥሪያ ቤት ባልደረቦች መካከል የሚካሄደው የእግር ኳስ ግምት መዋጮ ተራ ጨዋታ ይመስላል። ታሪኩ ሲመረመር ግን ከኳሱ ይልቅ የተወራራጆቹን መተማመን የሚመለከት ሆኖ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1923 ጆን ሙርስ ከሁለት የሥራ ጓደኞቹ ጋር በሊቨርፑል ሊትልውድስ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። በማንችስተር፣ በኦልድ ትራፎርድ ሜዳ ደጃፍ 4,000 ቅጽ ቢያድሉ ተሞልተው የተመለሱት 35 ብቻ ነበሩ፤ ጓደኞቹም ብዙ ሳይቆዩ ተዉት። በ1920 የወጣው ሕግ ገንዘብ አስቀድሞ በመክፈል በእግር ኳስ መወራረድን ስለከለከለ፣ ተወራራጁ ግምቱን በዚህ ሳምንት ልኮ ሒሳቡን በሚቀጥለው ይከፍል ነበር። በእኔ አስተያየት ከታሪኩ ሁሉ የሚደነቀው ይህ ነው፤ ፊቱን አይቶት ለማያውቀው ሰው ዱቤ መስጠት!

ትልቁ ፈተና የመጣው በ1963 ነበር። በጥር ወር ሜዳዎች በበረዶ ተሸፍነው ግጥሚያዎች ሳምንት ከሳምንት ሲሰረዙ፣ የግምት ድርጅቶቹ በሎርድ ብራባዞን ሰብሳቢነት ቶም ፊኒን የመሳሰሉ የቀድሞ ተጫዋቾች ያሉበት ጉባኤ ሰየሙ። ጉባኤውም ኳስ ያልተመታበትን ግጥሚያ አሸናፊና አቻ ወሰነ። አሠራሩ ከዚያ ወዲህ ጸና።

የባልደረቦች ማኅበር ሎርድ የለውም። ስለዚህ የተሰረዘ ግጥሚያ ከሒሳብ ይውጣ ወይስ አቻ ይባል የሚለውን፣ ገንዘብ ያዡም ራሱ ግምት የሚያስገባ ከሆነ ቅጹን ለማን አስቀድሞ እንደሚያስረክብ፣ ከመጀመሪያው ቅዳሜ በፊት በጽሑፍ ማስፈር ይኖርበታል።