ነጃሺ የከፈሉት 400 ዲናር፦ የሩም ወርቅ በታሪካችን ውስጥ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ባለፈው ሰሞን ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ እዚሁ ቀራንዮ፣ መስጊዳችን በር ላይ አንድ ወጣት ስልኩን ከፍቶ ፎቶ አሳየን። ልጁ መርካቶ ወርቅ ቤት ነው የሚሠራው። ፎቶው ላይ ያለችው ከአውራ ጣት ጥፍር ትንሽ ሰፋ የምትል ቢጫ ሳንቲም ናት። በአንዱ ገጽ ዘውድ የደፉ ሁለት ሰዎች፣ በሌላው ደግሞ ደረጃ ላይ የቆመ መስቀል ይታያል። ሻጩ "የጥንት የሩም ወርቅ ነው" ብሎታል። ወጣቱም ጠየቀን፦ "መስቀልና ምስል ያለበትን ወርቅ መያዝ ሐራም ነው? አቅልጬ ቀለበት ላድርገው?"

በፎቶ ብቻ ትክክለኛ ይሁን ፎርጅድ መለየት አይቻልም። ጥያቄው ግን ከባድ ጥያቄ ነው። ስለ ሳንቲሟ የምናውቀውን ስንነግረው ዒሻ ደረሰ። ለእሱ ያልነውን ለእናንተም ልናካፍል ወደድን።

*የሶሃቦች ዲናር የማን ነበር?*

ብዙዎቻችን "ዲናር" ሲባል ከመጀመሪያው የሙስሊሞች ገንዘብ ይመስለናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በኖሩበት ዘመን ግን ሙስሊሞች የራሳቸው የወርቅ ሳንቲም አልነበራቸውም። ዲናር የሚባለው የሩም ወርቅ፣ ዲርሃም የሚባለው የፋርስ ብር ነበር። "ዲናር" የሚለው ቃል ራሱ "ዴናሪየስ" ከሚባለው የሮማውያን ገንዘብ ስም የመጣ ነው።

ያቺን የወርቅ ሳንቲም በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያስመታው ቀዳማዊ ቆስጠንጢኖስ ነው። ሮማውያን "ሶሊዱስ" ይሏታል። ከአንድ የሮማውያን ፓውንድ ወርቅ 72 ሶሊዱስ ይወጣል፤ የአንዷ ክብደት 4.5 ግራም ገደማ ነው። ነገሥታቱ ቢፈራረቁም የወርቋ ጥራት ለ700 ዓመት ያህል ብዙም አልጎደለም። ነጋዴ ከሻም እስከ የመን ያመናት በዚህ ምክንያት ነው።

ሱረቱ ቁረይሽ የምታነሳቸውን የክረምትና የበጋ ጉዞዎች አስታውሱ። ቁረይሾች ከሻም ሲመለሱ ይዘው የሚመጡት ወርቅ ይህ ነበር። ታሪክ ጸሐፊው አል-በላዙሪ እንደዘገበው የሂረቅል ዲናሮች መካ ይገቡ ነበር፤ መካዎችም ሳንቲሙን እየቆጠሩ ሳይሆን እንደ ጥሬ ወርቅ በሚዛን እየመዘኑ ይገበያዩ ነበር። ሂረቅል ማለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ኢስላም የጠሩበትን ደብዳቤ የላኩለት የሩም ንጉሥ ነው። ልጁ ባሳየን ሳንቲም ላይ ያሉት ሁለት ፊቶችም የሂረቅልና የልጁ ምስል ይመስላሉ፤ በእሱ ዘመን እንዲህ ያለ ሳንቲም በብዛት ተመቷል።

እንግዲህ አስቡት፦ በሱረቱ ኣሊ ዒምራን አላህ (ሱ.ወ) ስለ አማና ሲናገር ዲናርን ሲጠቅስ፣ አድማጮቹ በእጃቸው የሚያውቁት ዲናር መስቀልና የንጉሥ ምስል ያለበትን ነበር። ሶሃቦች በእሱ ሸጠዋል፣ ገዝተዋል፣ ዘካ አውጥተዋል፣ መህር ከፍለዋል።

*ወርቁ በእኛ አገር*

አሁን ወደ ሀበሻ እንምጣ። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የራሳቸውን ወርቅ፣ ብርና መዳብ ሳንቲም ይመቱ ነበር። የመጀመሪያው ኢንዱቢስ የተባለው ንጉሥ ነው። በወርቁ ላይ የሚጽፉት በግሪክኛ ነበር፤ ወርቁ ከባሕር ማዶ ለሚደረገው ንግድ የታሰበ ነበርና። ቆስጠንጢኖስ ሶሊዱስን ካወጣ በኋላ አክሱሞችም የወርቃቸውን ክብደት ቀንሰው 1.6 ግራም ገደማ አደረጉት፤ የሩሙን አንድ ሦስተኛ ያህል ማለት ነው። ሁለቱ ገንዘቦች አንድ ገበያ ላይ ይገናኙ ነበር።

ማስረጃው ከመሬት ወጥቷል። በ1980 እ.ኤ.አ. የመን ውስጥ፣ አል-መዷሪባ በሚባል ቦታ፣ 1194 የወርቅ ሳንቲሞች ተቀብረው ተገኙ። ከእነዚህ 868ቱ የአክሱም፣ 326ቱ የሩም ነበሩ። የሀበሻ ወርቅና የሩም ወርቅ በአንድ ጉድጓድ! የአክሱሞቹ ሳንቲሞች እስከ ንጉሥ ካሌብ ዘመን ይደርሳሉ። ካሌብ በ525 እ.ኤ.አ. ገደማ ባሕር ተሻግሮ ዙ ኑዋስን የወጋው ንጉሥ ነው። ብዙ ሙፈሲሮች በሱረቱል ቡሩጅ የተነሱትን አስሓቡል ኡኽዱድ ከዙ ኑዋስ የነጅራን ጭፍጨፋ ጋር ያያይዙታል። በቁርኣን ትምህርት የምናውቀው ታሪክ የሀበሻ ሳንቲም ከሚያሳየን ታሪክ ጋር እንዲህ ይገጥማል።

*400 ዲናር*

ከዚያ ወደ መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ በ615 እ.ኤ.አ. ሶሃቦች ወደ ነጃሺ አገር ተሰደዱ። ከስደተኞቹ አንዷ የአቡ ሱፍያን ልጅ ኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ) ነበሩ። ባላቸው እዚሁ ሀበሻ ሞተባቸው። ባዕድ አገር፣ አባት ገና የኢስላም ጠላት፣ ባል የለም። በዚህ ጊዜ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በዐምር ኢብኑ ኡመያ በኩል ወደ ነጃሺ መልእክት ላኩ፤ ኡሙ ሐቢባን እንዲያጩላቸው።

ነጃሺ ኒካሑን በቤተ መንግሥታቸው አስፈጸሙ፤ መህሩንም ከራሳቸው ገንዘብ ከፈሉ። የሲራ መጻሕፍት 400 ዲናር ይላሉ፤ በሱነን አቡ ዳዉድ ዘገባ ደግሞ 4000 ዲርሃም ነው። በዚያ ዘመን አንድ ዲናር በ10 ዲርሃም ይታሰብ ስለነበር ሁለቱ ቁጥሮች አይጣሉም። 400 ዲናር በሚዛን ከ1 ኪሎ ከ700 ግራም የማያንስ ወርቅ ነው።

ይህ ወርቅ የማን ሳንቲም ነበር? አንዳንድ የታሪክ ሰዎች ነጃሺን አርማህ ከተባለው የአክሱም ንጉሥ ጋር አንድ ያደርጓቸዋል፤ ሌሎች አይቀበሉትም። በአርማህ ስም የሚታወቁት ሳንቲሞች ግን የብርና የመዳብ ናቸው። በዚያን ጊዜ ደግሞ "ዲናር" የሩም ወርቅ ስም ነበር። ስለዚህ የእናታችን የኡሙ ሐቢባ መህር በሩም ዲናር የተከፈለ ይሆናል ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

የሲራ ጸሐፊዎች አንድ ሌላ ነገር ይጨምራሉ። የምሥራቹን ለኡሙ ሐቢባ ያደረሰችው አብረሃ የምትባል የነጃሺ አገልጋይ ነበረች። ኡሙ ሐቢባ መህሩ ሲደርሳቸው 50 ሚስቃል ወርቅ ሰጧት። አብረሃ ግን መለሰችው። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለአላህ መልእክተኛ ሰላምታዋን እንዲያደርሱላት። ወርቅ በእጇ ገብቶ ሰላምታን የመረጠች ሀበሻዊት! ይህን ታሪክ ስንቶቻችን እናውቃለን?

*መስቀሉ የወረደበት ቀን*

ሙስሊሞች የሩምን ወርቅ እስከ ኸሊፋ ዐብዱል መሊክ ኢብኑ መርዋን ድረስ ተጠቀሙ። በመጀመሪያ የሂረቅልን ሳንቲም እያስመሰሉ መስቀሉን ብቻ አነሱ፤ ደረጃው ላይ ቀጥ ያለ ምሰሶ ቀረ። ቀጥሎ ቆሞ የሚታይ የኸሊፋ ምስል ወጣ። በ77 ዓመተ ሂጅራ ምስል ሁሉ ቀረና የተውሒድ ቃልና ከሱረቱል ኢኽላስ የተወሰደ ጽሑፍ ብቻ ያለበት ዲናር ተመታ፤ ክብደቱ 4.25 ግራም። አል-በላዙሪ ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ የሩም ንጉሥ በዲናሩ ላይ ነቢያችንን የሚነካ ጽሑፍ እንደሚያወጣ በመዛቱ ነው ይላል። ያ ዲናር በንግድ ወደ እኛም ደርሷል፤ በትግራይ ደብረ ዳሞ የኡመያና የዐባሲያ ዘመን ሳንቲሞች ተገኝተዋል።

ይህ የጥንት ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የወርቅ ዘካ ኒሷብ 20 ዲናር ነው። ዛሬ "85 ግራም" የምንለው ከየት መጣ? 20 ጊዜ 4.25 ነው። ሸይኽ ዩሱፍ አል-ቀርዷዊ ስለ ዘካ በጻፉት ትልቅ ኪታብ የዲናርን ክብደት ያረጋገጡት በሙዚየሞች ተጠብቀው የቆዩትን የቀድሞ ዲናሮች ሚዛን መሠረት በማድረግ ነው። እነዚያ ሳንቲሞች ሁሉ ቀልጠው ቀለበት ሆነው ቢሆን ኖሮ ይህ ምስክር አይገኝም ነበር።

*ታዲያ ለወጣቱ ምን አልነው?*

አንደኛ፦ ምስልና መስቀል ስላለበት ብቻ መያዙ ሐራም አይሆንም፤ ሶሃቦች ይዘውታል። ለማክበር ብሎ ግድግዳ ላይ መስቀል ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛ፦ ከየት እንደመጣ ጠይቅ። የተሰረቀ ከሆነ ወርቅነቱ ሐላል አያደርገውም። ከመሬት ከተገኘ ፉቀሃዎቻችን ድሮም ሳንቲሙን ያነቡ ነበር፦ የጃሂሊያ ነገሥታት ምልክት ካለበት ሪካዝ ነው፣ አንድ አምስተኛው ይወጣል፤ የሙስሊሞች ምልክት ካለበት ሉቀጧ ነው፣ ባለቤቱ ይፈለጋል። በአገራችን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ለቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅ አለበት፤ ላስረከበም ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠው አዋጁ ይላል። የአገር አደራ መብላት አማና ማጉደል ነው።

ሦስተኛ፦ በሐላል ገዝተህ የምትሰበስብ ከሆነ ሳንቲሙ "ጥንታዊ" ስለሆነ ከዘካ አያመልጥም። ወርቅ ወርቅ ነው። ካለህ ወርቅ ጋር ተደምሮ ኒሷብ ከሞላና ዓመት ከዞረበት ዘካው ይወጣል።

አራተኛ፦ አታቅልጠው። ቀለበት ማንም ይሠራል፤ የቀለጠ ታሪክ ግን አይመለስም።

ለመሰብሰብ ገንዘብ የሌለን ደግሞ እግር አለን። ከቀራንዮ በጦር ኃይሎች በኩል ታክሲ ይዛችሁ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ሂዱና የአክሱምን ሳንቲሞች ተመልከቱ። ነጃሺ ለሶሃቦች በራቸውን ሲከፍቱ በአገሩ ገበያ እንዲህ ያለ ሳንቲም ይዞር ነበር። "ኢስላም ለዚህ አገር እንግዳ ነው" የሚል ሰው ሲገጥማችሁ በቁጣ ሳይሆን በዕውቀት መልሱለት፦ የሙእሚኖች እናት መህር የተከፈለው እዚህ ነው።

አላህ ነጃሺን ይዘንላቸው፤ እኛንም አማናን ከሚጠብቁ ባሮቹ ያድርገን። ኣሚን። ወላሁ አዕለም።