ክብደት ለመቀነስ የሚወሰዱ ማሟያዎች ጥቅምና ስጋት

ሩጫንና ክብደት ማንሳትን አጣምረው ለመክሳት የሚሠሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ፕሮቲንና ክሬቲን የተባሉ የምግብ ማሟያዎችን ይወስዳሉ። ሁለቱም በራሳቸው ስብ አያቀልጡም። ፕሮቲን ሰውነት ሲከሳ ጡንቻ እንዳይቀንስ ያግዛል፤ ምስር፣ እንቁላልና ሥጋ በበቂ መጠን ለሚመገብ ሰው ግን ዱቄቱ ላያስፈልግ ይችላል። በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም የሚወሰድ ክሬቲን የጡንቻን ጉልበት ይጨምራል፤ በጡንቻ ውስጥ ውሃ ስለሚይዝ ግን መጀመሪያ ላይ የሰውነት ክብደት ከፍ ሊል ይችላል። ይህ ጭማሪ ስብ አይደለም።

ዋናው ስጋት ያለው «ስብ ያቃጥላሉ» ተብለው በሚሸጡ እንክብሎች ላይ ነው። ሲቡትራሚን የተባለው የማክሻ መድኃኒት በልብ ላይ በሚያስከትለው ጉዳት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2010 ከአሜሪካና ከአውሮፓ ገበያ ቢወጣም፣ ስሙ ሳይገለጽ በእንዲህ ዓይነት ምርቶች ውስጥ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። በአሜሪካ ማሟያዎች ከመሸጣቸው በፊት የመንግሥት ፈቃድ አይጠየቅባቸውም። ስለዚህ በተለይ የልብ፣ የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ሊያማክር ይገባል።