በቆዩ አውቶሞቢሎች ላይ ያረጀ የሰስፔንሽን ቡሽ ስለመቀየር

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት አለው። አሽከርካሪው በዚህ መንገድ ፍሬን በያዘ ቁጥር ክብደቱ ወደ ፊት ጎማዎች ይጫናል፤ ጎማውን ከአካሉ ጋር የሚያያይዘው ክንድም ወደ ኋላ ይገፋል። ይህን ግፊት ተቀብሎ ጎማውን በአቅጣጫው የሚያቆየው በክንዱ ጫፍ ያለው፣ በመካኒኮች ዘንድ ቡሽ ወይም ጎሚኒ የሚባለው ላስቲክ ነው። ላስቲኩ ከተሰነጠቀ ተሽከርካሪው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይስባል።

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ ነባሮቹን በአግባቡ መያዝ የበለጠ አስፈላጊ ሆኗል። ቮልስ፣ ፔጆ 404፣ ኮሮላ ዲኤክስ ወይም አሮጌ ላንድሮቨር ያላቸው ባለንብረቶች በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ለሚደረገው ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ከመቅረባቸው በፊት ቡሾቹን እንዲያስፈትሹ ይመከራል።

የማርጀት ምልክቶቹ ፍሬን ሲያዝ ወይም ጉድጓድ ሲገባ የሚሰማ የመንኳኳት ድምፅ፣ የመሪ መዋለልና የጎማ በአንድ ጠርዝ ብቻ መበላት ናቸው። ድምፁ ከአሞርቲዛተር ወይም ከመሪ መገጣጠሚያ ሊመጣ ስለሚችል ዕቃ ከመግዛት በፊት ክንዱን በረጅም ብረት በቀስታ በመፈልቀቅ እንቅስቃሴው ከየት እንደሆነ ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

ሥራው በሜዳ ላይ እንጂ በተዳፋት መንገድ ዳር መከናወን የለበትም፤ በደሴ ደግሞ ሜዳ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። ጎማዎቹ በድንጋይ ወይም በእንጨት ይታገዳሉ፤ ተሽከርካሪው በክሪክ ከተነሣ በኋላም በጠንካራ ማቆሚያ ብረት ላይ ያርፋል። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባት ለሕይወት አስጊ ነው። የታመቀ ሞላን መፍታት፣ እንዲሁም በቮልስ የኋላ ጎማ ላይ የተጠማዘዘውን የብረት ዘንግ የሚይዘውን ሰሌዳ ማላቀቅ ከፍተኛ ኃይል በድንገት ስለሚለቅ ተገቢው መሣሪያ ላለው ጋራዥ ሊተው ይገባል።

አሮጌው ቡሽ በፕሬስ ወይም በሞርሳ ተገፍቶ ይወጣል። በእሳት አቃጥሎ ማውጣት የተለመደ ቢሆንም ጭሱ ጎጂ ነው፤ ሙቀቱም ብረቱን ሊያዳክም ይችላል። በላንድሮቨር ሻንሲ ላይ የዛገውን የቡሽ ቀለበት በመጋዝ በጥንቃቄ ሰንጥቆ ማውጣት ይቻላል። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ፦ በአንዳንድ ሞዴሎች የሻንሲ ቁጥሩ በባሌስትራው ማያያዣ ላይ የተቀረጸ በመሆኑ ዝገት ሲፋቅ እንዳይጠፋ ይጠንቀቁ። ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ማመሳከር ካልተቻለ ችግሩ ከቡሹ ዋጋ እጅግ የከበደ ይሆናል።

አዲሱ ላስቲክ በሳሙና ውኃ እንጂ በዘይት ወይም በግሪስ መግባት የለበትም፤ የነዳጅ ውጤቶች ላስቲኩን ያብጡታል፣ ያለሰልሱታልም።

ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው ስህተት ግን በመጨረሻው ማጥበቅ ላይ ነው። ከብረቱ ጋር የተጣበቀ የላስቲክ ቡሽ አይሽከረከርም፤ ክንዱ ሲወጣና ሲወርድ ላስቲኩ ራሱ ይጠመዘዛል። መኪናው ተንጠልጥሎ ክንዱ ወደ ታች በወረደበት ሁኔታ ብሎኑ ከጠበቀ፣ ወደ መሬት ሲወርድ ላስቲኩ ቆሞም ሳለ እንደተጠመዘዘ ይቀራል፤ በአጭር ጊዜም ይቀደዳል። ስለዚህ ብሎኖቹ በመጠኑ ብቻ ተይዘው፣ ተሽከርካሪው በጎማዎቹ ላይ ካረፈ በኋላ ነው በአምራቹ ልክ የሚጠብቁት። ባለንብረቱ ይህን በዓይኑ ቢከታተል መልካም ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት ቡሽ ሲጠፋ ቶርኖ ቤት ከናይለን የሚሠራ ምትክ ይቀርባል። ለአንዳንድ ባሌስትራዎች ሊያገለግል ይችላል፤ ነገር ግን ስለማይለጠጥ ንዝረቱን ወደ አካሉ ያስተላልፋል፣ ቅባትም ይፈልጋል። ለፊት ክንድ ከመጠቀም በፊት ልምድ ያለው ባለሙያ ያማክሩ። ማያያዣው ተሰንጥቆ የሻንሲ ብየዳ ካስፈለገም አስቀድመው የመዘገበዎትን ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።

ቡሽ በሁለቱም ጎን በአንድ ጊዜ ይቀየራል፤ ከዚያም የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ ይደረጋል። ብሎኖቹ ከጥቂት ቀናት አገልግሎት በኋላ እንደገና ይፈተሹ። የመጀመሪያው ሙከራ በከተማ ውስጥ፣ በዝግታ ይሁን፤ የኮምቦልቻ ቁልቁለት ከዚያ በኋላ ይደርሳል።