የሣር ማጨጃና ወጣ ገባው ምድር

የሣር ማጨጃ መኪና ከጉብታ ራስ ላይ ሣሩን ከነሥሩ ልጦ ጥቁሩን አፈር ማግለጡ በትራክተር ዘመን የመጣ ጉዳት ቢመስልም፣ ምክንያቱ ከመኪናው ጥንተ ልደት ጋራ የተቈራኘ ነው።

በእንግሊዝ አገር በስትራውድ ከተማ አካባቢ ይኖር የነበረው ብልሃተኛ ኤድዊን በዲንግ፣ በዚያ ሸለቆ በነበሩት የሱፍ ፋብሪካዎች ውስጥ ከጨርቅ ፊት ላይ ብቅ ያለውን ጠጉር እየሸለተ የሚያስተካክለውን መሣሪያ ተመልክቶ፣ ይኸው ጥበብ ለሣርም እንዲበጅ ካወጣና ካወረደ በኋላ፣ የብረት ማቅለጫ ባለቤት ከነበረው ከጆን ፌራቢ ጋራ ተባብሮ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1830 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ተቀበለ። ነገር ግን ጨርቅ በመኪና ላይ ተወጥሮ ልሙጥ ይሆናል፤ ምድር አትወጠርም። ከዚያ አስቀድሞ ጤዛው ሳይረግፍ ማልደው በረጅም ማጭድ ያጭዱ የነበሩት ሠራተኞች፣ ጉብታ ሲደርሱ ክንዳቸውን ከፍ፣ ጎድጓዳ ሲያገኙ ዝቅ ያደርጉ ነበርና፣ የመሬቱን ጠባይ የሚያውቀው ክንዳቸው ነበር፤ ለብረቱ ይህ ሀብተ እውቀት አልተሰጠውም።

የበዲንግ መኪና ወርዱ 19 ኢንች ያህል ብቻ ስለ ነበረ ጥፋቱም ጥቂት ነበር። የሰው ልጅ ግን በስፋት ይፈተናል፤ በ1842 ዓ.ም. የስኮትላንዱ አሌክሳንደር ሻንክስ በትንሽ ፈረስ የሚሳብ 27 ኢንች ወርድ ያለው ማጨጃ አወጣ። ሣር በኮቴ እንዳይጐዳ ለፈረስ የቆዳ ጫማ ማጥለቅም ልማድ ሆነ፤ በዚያ ዘመን በባዶ እግሩ ይሄድ የነበረውን ድኻ ሳስብ ይህ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል።

እንደ እኔ አስተያየት እውነተኛውን መፍትሔ ያገኘው፣ በፔንሲልቬኒያ የጎልፍ ሜዳ የነበረው ቻርልስ ዎርዚንግተን ነው። እርሱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አካባቢ አንድ ሰፊ ማጨጃ በመሥራት ፈንታ ሦስት ጠባብ ማጨጃዎችን በማጠፊያ አያይዞ፣ እያንዳንዱ በገዛ ራሱ ከምድሩ ጋራ እንዲወጣና እንዲወርድ አደረገ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን፣ ስለቶቹ እንደ ወፍጮ ድንጋይ አግድም የሚሽከረከሩበት፣ ከትራክተር ሆድ ሥር የሚንጠለጠለው ሰፊ የብረት ክዳን ሲበዛ፣ ወርዱ እንደ ገና አንድ ወጥ ሆነ። ጎማዎቹ በጎድጓዳ ሲያልፉ በመካከላቸው ያለው ጉብታ ወደ ስለቱ ይቀርባል፤ ሣሩ የሚያቈጠቍጥበት እምቡጥ ከአፈሩ አጠገብ ስለ ሆነ፣ እርሱ ከተቈረጠ ቶሎ አያገግምም። ስለዚህ ሠሪዎቹ በክዳኑ ፊትና ጎን ትንንሽ መንኮራኩሮችን ተከሉ። ብዙዎች ክብደቱን ሁሉ የሚሸከሙ እየመሰላቸው መሬት ላይ ያሳርፏቸዋል፤ ክዳኑ ከትራክተሩ የተንጠለጠለ ሲሆን ግን መንኮራኩሮቹ በደልዳላ ቦታ ከምድር ጥቂት ከፍ ብለው መቈየት፣ ጉብታ ሲመጣ ቀድመው ነክተው ክዳኑን ወደ ላይ መግፋት ይገባቸዋል፤ ይህም የሚሆነው ማንጠልጠያው ላላ ብሎ ክዳኑ ወደ ላይ ለመነሣት ነጻ ሲሆን ብቻ ነው። ጉብታው በሁለት መንኮራኩሮች መካከል የገባ እንደ ሆነ ስለቱን ከፍ ማድረግ፣ ወይም አቅጣጫ ለውጦ በሰያፍ ማለፍ፣ ያም ካልረዳ አካፋ ይዞ ጎድጓዳውን በአፈር መሙላት ነው።