ቱቱ፦ የእግር ሥራ የወለደው ጉርድ

ቱቱ ሴት የባሌት ዳንሰኞች ወገባቸው ላይ የሚታጠቁት፣ ከተደራረበ ስስ ጨርቅ የሚሠራ ጉርድ ነው። ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው፤ የፈረንሳይ ሕፃናት መቀመጫን ከሚጠሩበት «ኩኩ» ከሚለው ቃል በአፍ ሲለዋወጥ እንደመጣ በሰፊው ይነገራል። በአማርኛ «የባሌት ቀሚስ» ብንለው አይበቃም፤ የባሌት ዳንሰኛ እንደ ትርኢቱ ብዙ ዓይነት ቀሚስ ትለብሳለችና። ስለዚህ «ቱቱ» የሚለውን ስም እንዳለ ብንወስደውና ሁለቱን ዋና ዓይነቶች በራሳችን ቃል ብንለያቸው ይሻላል እላለሁ፦ ከጉልበት በታች የሚወርደውን «ደወል ቱቱ»፣ ከዳሌ ላይ ወደ ጎን የሚዘረጋውን አጭሩን ደግሞ «ዝርግ ቱቱ»። ዝርግ ሳህን የሚል ሰው ዝርግ ቱቱን ሳያይም ይገምተዋል።

የልብሱ ታሪክ ከጉርድ ማጠር ታሪክ አይለይም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በፓሪስ መድረክ ሴቶች የሚደንሱት እስከ መሬት በሚወርድ ከባድ ቀሚስ ነበር። ማሪ ካማርጎ የምትባል ዳንሰኛ ቀሚሷን ከቁርጭምጭሚቷ በላይ አሳጠረች። በዘመኑ አነጋጋሪ ሆነ፤ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነበር፦ አየር ላይ እግሮቿን እያጠላለፈች የምትዘልለው ዝላይ እንዲታይላት ነው።

ዛሬ የምናውቀው ቱቱ መነሻው መጋቢት 12 ቀን 1832 እ.ኤ.አ. ነው ማለት ይቻላል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ምሽት ዳንሰኛዋ ማሪ ታልዮኒ አባቷ ፊሊፖ ባዘጋጀው «ላ ሲልፊድ» ባሌት በፓሪስ ኦፔራ መድረክ ላይ ወጣች። የሠዓሊው ዩዤን ላሚ ንድፍ ነው የሚባለው ነጭ ልብሷ ደረቷን አጥብቆ የያዘ፣ ከወገቧ በታች እንደ ደወል የተነፋና ከጉልበቷ አልፎ የሚወርድ ነበር። የምትጫወተው መንፈስ ስለነበረች ክብደት የሌላት መምሰል ነበረባት፤ በእግር ጣቶቿ ጫፍ መቆሟና የጨርቁ መሳሳት ተጋግዘው ይህን አስገኙ። ቀጭን መረብ መሰል ጨርቅም በዚያ ዘመን እንደ ልብ የሚገኝ እየሆነ ነበር፤ እንግሊዛዊው ጆን ሂዝኮት የመረብ ጨርቅ የሚሠራ ማሽን ከፈለሰፈ ሃያ ዓመት አልፎታል። ከእነዚህ የመረብ ጨርቆች አንዱ የሆነው ቱል ስሙን ያገኘው ፈረንሳይ ውስጥ ካለችው ቱል ከተማ ነው። ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ የሙሽራ ቬሎ የሚሠራበት ነው።

ያ ውበት ግን የሰው ሕይወት አስከፍሏል። መድረኩ የሚበራው በጋዝ ነበልባል ሲሆን፣ የዳንሰኞቹ ጉርድ ደግሞ አየር የታመቀበት ስስ ጨርቅ ነው። ጨርቁን እሳት እንዳይዘው በኬሚካል መንከር ይቻል ነበር፤ ሆኖም የተነከረው ጨርቅ ይደርቃል፣ ንጣቱም ይደበዝዛል። የታልዮኒ ደቀ መዝሙር የነበረችው ኤማ ሊቭሪ በዚህ ምክንያት የተነከረውን አልለብስም ብላ ፈርማ ነበር። ኅዳር 15 ቀን 1862 በልምምድ ላይ ሳለች ጉርዷ ከጋዝ መብራት እሳት ያዘ። ለስምንት ወር ያህል ስትሠቃይ ቆይታ በ20 ዓመቷ አረፈች። ከቃጠሎው የተረፈው ቅዳጅ ልብሷ እስከ ዛሬ በፓሪስ ኦፔራ ቤተ መዘክር ተቀምጧል። ስለ ቱቱ ውበት የሚጽፍ ሰው ይህችን ልጅ ሊዘላት አይገባም።

ዝርግ ቱቱ የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ከጣሊያን ወደ ሴንት ፒተርስበርግ የሄዱት ባሌሪናዎች (ዋና ሴት የባሌት ዳንሰኞች) እዚያ ያልተለመደ ዓይነት ሽክርክሪት ይዘው ሄዱ። ፒዬሪና ሌኛኒ በ1895ቱ የ«ስዋን ሌክ» ባሌት በአንድ እግሯ ቆማ 32 ጊዜ ስትሽከረከር፣ ጉልበቷንና ጭኗን የሚሸፍን ጉርድ ሥራዋን ይደብቅባት ነበር። ጉርዱ አጠረ፣ ወደ ጎንም ተዘረጋ።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ዝርግ ቱቱ የምሕንድስና ሥራ ነው። አሥር፣ አሥራ ሁለት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚሆኑ የቱል ንብርብሮች ከሙታንታ ጋር ይሰፋሉ። ከታች ያሉት አጫጭር ናቸው፤ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ስፋታቸው ይጨምራል። የታችኞቹ የላይኞቹን ደግፈው ይይዛሉ፤ ብዙ ጊዜም መሐል ላይ ቀጭን የብረት ቀለበት ይገባል። ከዚያ ንብርብሮቹ እርስ በርስ ላላ ባለ ስፌት ይያያዛሉ፤ ስፌቱ ከጠበቀ ጉርዱ ግትር ሆኖ ይቀራል፣ ከልክ በላይ ከላላ ደግሞ ይወድቃል። ተሰቅሎ እንዳይዘነብል ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው ተገልብጦ ነው። ቀለበቱም የራሱ ችግር አለው፤ ዳንሰኞች ሲቀራረቡ የአንዷ ጉርድ የሌላዋን ይገጫል። በኒው ዮርክ ሃምሳ ገደማ ዳንሰኞችን አንድ መድረክ ላይ ለሚያወጣው የዳንስ አዘጋጁ ጆርጅ ባላንሺን «ሲምፎኒ ኢን ሲ» ባሌት የልብስ ሠሪዋ ባርባራ ካሪንስካ በ1950 ቀለበት የሌለው፣ አጠር ያለና ለስለስ ብሎ የሚወድቅ ቱቱ ሠራች። ብዙ የባሌት ቡድኖች ዛሬም በዚያው መንገድ ይሠራሉ።

ፋሽን ከመድረኩ መበደር የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። የፋሽን ዲዛይነሩ ክርስቲያን ዲዮር በ1947 ያወጣው ቀጭን ወገብና ሰፊ ጉርድ የደወል ቱቱ ዘመድ ነው፤ ታዋቂዋ ባሌሪና ማርጎ ፎንቴይንም የዲዮር ደንበኛ ነበረች። ዲዛይነሯ ቪቪየን ዌስትውድ በ1985 ቱቱንና የቪክቶሪያ ዘመን ባለቀለበት ጉርድን አዳቅላ አጭር ጉርድ አወጣች። በ1998 የጀመረው «ሴክስ ኤንድ ዘ ሲቲ» የተባለ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ደግሞ ዋና ገጸ ባሕርይዋን ነጭ ቱል ጉርድ አልብሶ በኒው ዮርክ ጎዳና አስኬዳት። የልብስ መራጯ ፓትሪሻ ፊልድ ያንን ጉርድ ያገኘችው በአምስት ዶላር ነበር፤ በ2024 በጨረታ 52,000 ዶላር ተሸጧል።

እነዚህ ሁሉ ያማሩ ልብሶች ናቸው፤ ቱቱ ብሎ መጥራት ግን ነገሩን ያምታታዋል። የመድረኩ ቱቱ እያንዳንዱ ስፌት የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ነው፤ እግር ሲሠራ ይታያል ወይ? ለጎዳና ወይም ለልጆች ልደት የሚለበሰው ያ ጥያቄ የለበትም። ስለዚህ የምትተረጉሙም፣ የምትሰፉም፣ የምትሸጡም ሰዎች፣ ለዳንሰኛዋ «ቱቱ» በሉ፣ ለሌላው «ቱል ጉርድ»።