እንደራሴ፤ ሕሙሙ ራሱ የሚያቆመው ሰው

ለእንግሊዝና ለዌልስ እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው የአእምሮ ጤና ሕግ፣ ያለ ፈቃዱ በሆስፒታል የሚያዝ ሕሙም ስለ እርሱ የሚጠየቀውን ሰው ራሱ ይሰይም ዘንድ መብት አግኝቷል፤ ይህንኑ ሰው በዚያ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን በአማርኛ «እጩ ሰው» እያሉ ሲጠሩት በሰማሁ ቁጥር፣ ስሙ ሥር ሳይሰድ ይታረም ዘንድ ልቤ ይቸኩላል። እጩ «አጨ» ከሚለው ግስ የወጣ፣ ከእጮኛ ጋር የተወለደ ቃል ነው፤ የታጨች ገና እንዳልተዳረች፣ እጩም ገና አልተሾመም። ይህ ሰው ግን ሹመቱ የተፈጸመ፣ ሐኪሞች ሊያማክሩት የሚገባ፣ ሕሙሙ እንዳይያዝ ሲቃወምም ቃሉ በሕግ ፊት ክብደት ያለው ነው።

ከዚህ በፊት የነበረው፣ እ.ኤ.አ. የ1983ቱ የአእምሮ ጤና ሕግ ይህን ሥልጣን የሰጠው «የቅርብ ዘመድ» ለተባለው ነው፤ ከባልና ከሚስት ጀምሮ በልጅ፣ በወላጅ፣ በወንድምና በእኅት በኩል እስከ አጎትና አክስት፣ እስከ ወንድምና እኅት ልጅ ድረስ ተራውን ይቈጥራል እንጂ፣ ማንን ታምናለህ ብሎ ሕሙሙን አይጠይቅም። አንዲት ሕሙም እናቷ ይህ ሥልጣን እንዳይኖራት በስትራስቡርግ ባለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ብትከስ፣ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2000 ሕጉን ሊያሻሽል ቃል ገብቶ ታረቀ፤ ቃሉ እስኪፈጸም ግን ሩብ ምእት ዓመት አለፈ። ፍርድ ቤቱ የሚዳኝበት፣ እ.ኤ.አ. በ1950 የተፈረመው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ስምምነት በ8ኛው አንቀጹ የግልንና የቤተ ሰብን ሕይወት አጣምሮ ያስከብራል፤ በሕሙሙ ላይ ግን ሁለቱ ሊጣሉ ይችላሉ፤ ገመናውን የሚሸፍንለት ዘመድ እንዳለ ሁሉ የሚገልጥበትም አለና።

ስለ ስሙ የሚከራከሩ አንዳንዶች «ወኪል» ይበቃል ይላሉ። ነገር ግን በ1952 ዓ.ም. በወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ሌላ ውል ከሌለ በቀር፣ ወካዩ ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ይቀራል፤ እንግዲህ ወኪል በጭንቁ ሰዓት የሚለይ ሰው ነው። «ሞግዚት» ሕሙሙን ከሕፃን ይቈጥረዋል። «ሥዩም» የሚለው የግእዝ ቃል ግርማ ቢኖረውም፣ ሥዩመ እግዚአብሔር ከሚለው እንደምናውቀው፣ ሹመቱ ከላይ የሚወርድ ነው፤ ይህኛው ሹመት ግን በአልጋ ላይ ከተኛው ሰው ይወጣል።

እኔ የምመርጠው «እንደራሴ» የሚለውን ነው። ራስ በቋንቋችን የአካል ክፍል ብቻ ሳይሆን የሰውዬው ማንነት ስለ ሆነ፣ ሕመም የጸናበትን «ራሱን አያውቅም» እንላለን፤ ታዲያ ሕሙሙ አስተዋይ ሳለ «እገሌ እንደ ራሴ ነው» ብሎ የሚያቆመው ሰው ከዚህ የቀረበ ስም ከወዴት ያገኛል? ቃሉ የቤተ መንግሥት ነው፣ ራስ ተፈሪም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ይባሉ ነበር የሚለኝ ሰው እውነቱን ነው፤ የሕዝብ እንደራሴዎችም በሸንጎ ተቀምጠዋል። ሆኖም ቃሉ ከዙፋን አጠገብ ከመቆሙ በፊት ያለ ሹመት ያለ ሽልማት «እንደ እኔ» ማለት ነበርና፣ ከሕሙሙ አልጋ አጠገብ ቢቆም ክብሩ አይጓደልም።

ከሸንጎው እንደራሴ እንዲለይ «የሕሙም እንደራሴ» ተብሎ ይጻፍ። ስኮትላንድም እ.ኤ.አ. በ2003 ሕጓ ሕሙሙ እንዲህ ያለውን ሰው እንዲሰይም ስለ ፈቀደች፣ አስተርጓሚዎቻችን በሁለቱም ዘንድ በአንድ ስም ሊጠሩት ይችላሉ።