ከመደብ እስከ ሶፋ፦ የላስታ ቤትና የአውሮፓ ገበሬ ዕቃ



በዚህ አዳራሽ ሕዝባዊ ንግግር ሲደረግ ርእሱ ብዙውን ጊዜ ነገሥታት፣ ጦርነት ወይም ገዳማት ናቸው። እኔ ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ የጠፍር አልጋና ስለ አንድ ሶፋ ነው። ሁለቱም የቤተሰቤ ንብረት ነበሩ። ታሪካቸውን ስናገር የራሴንም ጥፋት እናገራለሁና ታገሡኝ።

ተወልጄ ያደግሁት በላስታ ደጋ፣ ኩልመስክ አጠገብ ነው። ቤታችን ክብ ነበር፤ ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር። ከበሩ በስተቀኝ ግድግዳውን ተከትሎ የዞረ መደብ ነበረው፤ በድንጋይና በጭቃ የተገነባ፣ በየጊዜው በእበት የሚለቀለቅ። ቀን መቀመጫ፣ ሌሊት መኝታ ነው። ጀንዲ ይነጠፍበታል፤ በላዩ ባና ይደረባል። ከምድጃው ቅርብ ስለ ነበር ሙቀቱን ይዞ ያድራል፤ የዚያን አገር ብርድ የምታውቁ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አትጠይቁኝም።

አልጋ የነበረን አንድ ብቻ ነው፤ የአያቴ። ከዋንዛ የተሠራ ነው። ዋንዛ በእኛ ደጋ አይበቅልም፤ እንጨቱ ከቆላ በአህያ ተጭኖ እንደ መጣ አባቴ ይነግረን ነበር። ምስማር የለበትም። አግዳሚዎቹ በእግሮቹ ላይ በመሮ በተፈለፈለ ቀዳዳ ይገባሉ፤ አጥብቆ የሚይዛቸው ጠፍሩ ራሱ ነው። የበሬ ቆዳ ተዘፍዝፎ፣ በረጅሙ ተተልትሎ፣ ገና እርጥብ ሳለ ይጠለፋል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና እንጨቱን አንቆ ይይዛል። ክረምት ሲገባ ይረግባል። ያን ጊዜ አባቴ አንድ እግሩን አግዳሚው ላይ አሳርፎ፣ ጠፍሩን ወደ ራሱ እየጎተተ ያጠብቀው ነበር። ይህን ሥራ ሲሠራ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ አንድ ቀንም አልተማርሁትም።

በ1990 ዓ.ም. ገደማ፣ መምህር ሆኜ ደመወዝ መቁጠር ስጀምር፣ ለእናቴ ከደሴ ሶፋና ቡፌ ገዛሁላት። በጭነት መኪና ተጭኖ ደረሰ። ሶፋው በበሩ አልገባ አለ፤ መቃኑን ነቅለን አስገባነው። ከገባም በኋላ ቀጥ ያለ ጀርባው ከክቡ ግድግዳ ጋር አልገጥም አለ። ቦታ ለማግኘት መደቡን አፈረስነው። በሶፋውና በግድግዳው መካከል የጨረቃ ቅርጽ ያለው ክፍተት ቀረ፤ እዚያ ውስጥ ዶሮዎች እንቁላል መጣል ጀመሩ። ጎረቤት ግን አደነቀ፤ እኔም ኮራሁ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ አንድ የእንግዳ ማረፊያ የሚያሠራ ሰው በመንደሩ እየዞረ አሮጌ ዕቃ ሲገዛ አልጋውን አየው። መደቡ ፈርሶ፣ ቡፌው ቆሞ፣ አልጋው የማይገባበት ቦታ የገባ መስሎ ይታይ ነበርና እናቴ በአንድ የስፖንጅ ፍራሽና በጥቂት ብር ለወጠችው።

ከዚያ በኋላ አልጋውን ያየሁት ላሊበላ ላይ ነው። እግሩ አጥሮ፣ በጠፍሩ ላይ መስታወት ተደርጎ፣ የእንግዶች ቡና ማቅረቢያ ሆኗል።

እዚህ ላይ የታሪክ ተማሪ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። የእኔ ሶፋ ከየት መጣ? የሚለውን ማለቴ ነው፤ ከደሴ መምጣቱንማ ነገርኳችሁ።

የአውሮፓ የቤት ዕቃ ወደ አገራችን የገባው በቤተ መንግሥት በር ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870ዎቹ የመቀሌን ቤተ መንግሥት ያሠሩት ጃኮሞ ናሬቲ በሚባል የኢጣሊያ ተወላጅ ነው፤ ዙፋናቸውንም የሠራው እርሱ ነው። ናሬቲ ከፒየሞንት የመጣ አናጢ ነበር። ልብ በሉ፤ አናጢው የመጣው ከአውሮፓ ገጠር ነው፤ እንዲሠራ የታዘዘው ግን የአገሩን ገበሬ ወንበር አልነበረም። ምኒልክም በ1871 ዓ.ም. የመጣውን ስዊሳዊ አልፍሬድ ኢልግን የመሳሰሉ ባለሙያዎችን አሰባስበዋል። የባቡር ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ከባድ ዕቃ ማምጣት ቀለለ። ከዚያ የኢጣሊያ ወረራ መጣ። ወራሪው ወጥቶ ሲሄድ ቃሉ ቀረ፦ አናጢዎቻችን ዛሬም ካቻቢቴ፣ ሞርሳ፣ ኮምፔንሳቶ ይላሉ፤ በመኝታ ቤታችንም ኮመዲኖ አለ።

ቃላቱን ዘርዘር አድርገን ብናያቸው ብዙ ይነግሩናል። ጠረጴዛ ከግሪክ ነው። ወንበር መንበር ከሚለው የግዕዝ ቃል ጋር አንድ ነው፤ ዳኛም ወንበር ተብሏል። አልጋ መንግሥት ማለት ነበር፤ አልጋ ወራሽ ስንል የሚወርሰው እንጨቱን አይደለም። ሶፋ ደግሞ መነሻው ዐረብኛ ነው፤ ሱፋ ማለት ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ መቀመጫ፣ በእኛ አነጋገር መደብ ማለት ነው። በቱርክ በኩል አልፎ አውሮፓ ገባ፣ እግር አበጀ፣ ልብስ ለበሰ፣ ዞሮም ወደ እኛ መጣ። እንግዲህ እኔ መደብ አፍርሼ ያስገባሁት ስሙ መደብ የሆነን ዕቃ ነው። ይህን ያወቅሁት ዶክትሬቴን ስሠራ ነው፤ ለእናቴ ስነግራት ሳቀች።

ዋናው ስሕተታችን ግን በንጽጽሩ ላይ ይመስለኛል። የላስታን ገበሬ ቤት ስናይ በአእምሯችን ከጎኑ የምናቆመው የፓሪስን ቤተ መንግሥት ነው። መቆም ያለበት የፈረንሳይ ገበሬ ቤት ነበር። በምዕራብ ፈረንሳይ፣ ብሬታኝ በሚባለው አገር፣ የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገበሬ ወለሉ አፈር በሆነ ቤት ይኖር ነበር። በብዙ ቦታ ከብቱም በዚያው ጣሪያ ሥር ያድራል፤ ጋጥና ቆጥ ለሚያውቅ የደጋ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የሚተኛው በር ባለው አልጋ ውስጥ ነው፤ ቁም ሣጥን የሚመስል፣ ተንሸራታች በሩ ከተዘጋ ብርዱ የማይገባበት። ከአልጋው ፊት ሣጥን ይቀመጣል፤ ሣጥኑ መውጫ ደረጃ ነው፣ መቀመጫ ነው፣ ልብስ ማስቀመጫም ነው። አንድ ዕቃ ለሦስት ሥራ፤ እንደ መደባችን። ኩልመስክ ያለ ሰው በዚያ ቤት ቢያድር የሚቸገረው በቋንቋው እንጂ በአኗኗሩ አይመስለኝም።

ታዲያ ያ ዕቃ ዛሬ የት ነው? ብዙው በአንቲክ ነጋዴ ሱቅ ውስጥ፣ ከዚያም በከተማ ሰው ሳሎን ውስጥ ነው። ፋብሪካ ርካሽ ቁም ሣጥንና የብረት አልጋ ማውጣት ሲጀምር ገበሬው በአያቱ አልጋ አፈረ። ነጋዴ እየዞረ ሰበሰበ። የከተማው ሰው ደግሞ፣ ያፈረበት ነገር ስላልነበረ፣ ወደደው። ዛሬ የእነዚያ አልጋዎች በሮች የመጻሕፍት መደርደሪያና የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ሆነው ይገኛሉ። የገጠር ዕቃ አንቲክ የሚባለው ከባለቤቱ ቤት ከወጣ በኋላ ነው። የአያቴ አልጋ በመስታወት ሥር የሚውለው በዚሁ መንገድ ሄዶ ነው፤ የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማም እንዲሁ በውጭ አገር የጥበብ ሱቆች ይሸጣል፣ ማን ላይ ይቀመጥበት እንደ ነበር ግን የሚናገር ወረቀት አብሮት አይሄድም።

ስዊድኖች ከሌላው ቀደም ብለው ነቁ። አርተር ሃዜሊየስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1872 ዳላርና በሚባለው ገጠር ሲጓዝ የገበሬው ልብስና ዕቃ እየጠፋ መሆኑን አየ፤ በማግሥቱ ዓመት በስቶክሆልም ስብስቡን ለሕዝብ ከፈተ። በ1891 ደግሞ ስካንሰንን መሠረተ፤ ቤቶቹን ከነዕቃቸው ከየገጠሩ አንሥቶ የተከለበት ሙዚየም ነው። ከከተማ ሆኖ ያለፈውን ማስዋብ አለበት የሚል ትችት ይሰነዘርበታል፤ ትችቱንም እቀበላለሁ። ቢሆንም ወንበሩ ከየትኛው መንደር፣ ከየትኛው የቤቱ ማዕዘን እንደ መጣ ተጽፏል።

በእኛም አገር ጅምሩ አልጠፋም። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ ስድስት ኪሎ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ በአንድ ጣሪያ ሥር የንጉሠ ነገሥቱን አውሮፓዊ መኝታ ቤትና የገበሬውን የቤት ዕቃ ያሳያል። ተማሪዎቼን ወደዚያ ስወስድ ከመኝታ ቤቱ ፊት ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ ከጀንዲው ፊት የሚነሣ አላየሁም።

በላስታ የእንጨት ሥራ ትናንት የተጀመረ አይደለም። በንጉሥ ላሊበላ ስም የግዕዝ ጽሕፈት የተቀረጸባቸው መናብርተ ታቦት እስከ ዛሬ አሉ። እነርሱን ቤተ ክርስቲያን ጠብቃቸዋለች፤ ሊቃውንትም አጥንተዋቸዋል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ተንቀሳቃሽና የማይንቀሳቀስ ብሎ ይከፍላል፣ ምዝገባንም ይደነግጋል። ነገር ግን በገበሬ ቤት ያለ አልጋ ቅርስ ነው ብሎ የሚመጣ መዝጋቢ በሕይወቴ አላየሁም፤ ባለቤቱም ልመዝገብ ብሎ አይሄድም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰሜን ወሎን ካዳረሰ በኋላ ሰው የወደመበትን ንብረት ሲያስመዘግብ ያየኋቸው ዝርዝሮች ቴሌቪዥን፣ ፍራሽ፣ ቡፌ ይላሉ። ለማገዶ የነደደ የጠፍር አልጋ በአንዱም አልተጻፈም። ባለቤቶቹን ስጠይቅ ግን «እሱማ አሮጌ ነው» ብለው ነገሩኝ፤ መንደዱንም የነገሩኝ እነርሱው ናቸው።

ሰው አልጋውን አይሽጥ አልልም። በስፖንጅ ፍራሽ መተኛት የሚሻል መሆኑን ጀርባዬ ያውቃል፤ እናቴም ታውቃለች። ማረፊያ ቤቶቹም ባይገዙት ኖሮ አልጋው ዛሬ ላይኖር ይችል ነበር። የምጠይቃችሁ ከዚህ ያነሰ ነገር ነው። በሚቀጥለው ዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ ሜትርና ደብተር ያዙ። የአያታችሁን ቤት መሬት ላይ እንዳለ ሣሉት፤ መደቡ የት ነው፣ ማን በየት ይቀመጣል፣ እንጨቱ ምንድን ነው፣ ማን ጠረበው። ሠሪው በሕይወት ካለ ሲሠራ ተመልከቱ። የጽሑፍ ፈተናውን በዚህ ሥራ እተካላችኋለሁ፤ የትምህርት ክፍል ኃላፊው እዚህ ስላሉ ተቃውሟቸውን በኋላ እሰማለሁ።

እኔ ዘግይቼም ቢሆን ያንኑ አድርጌያለሁ። ባለፈው ዓመት ላሊበላ ሄጄ የማረፊያ ቤቱን ሰዎች አስፈቅጄ መስታወቱን አነሣን። ርዝመቱን፣ ወርዱን፣ ከእግሩ የቀረውን ለካሁ። ከአግዳሚው በአንደኛው ወገን፣ ከመሐል ትንሽ ወረድ ብሎ፣ እንጨቱ ለስልሶ ጎድጉዷል፤ አባቴ ሲያጠብቅ እግሩን የሚያሳርፍበት ቦታ ነው። ፎቶግራፉን ለእናቴ አሳየኋት። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ «ጠፍሩ ረግቧል» አለችኝ፤ «የሚያጠብቀው ሰው የላቸውም እንዴ?»